የቤታችን ቁጣ

የካቲት 25 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ዶክተሩ «መዝግቢ» አለኝ። ራስሽን ሲያምሽ፣ ልብሽ ሲደልቅ፣ ላብ ሲያጠምቅሽ፣ ያኔ ምን ስታደርጊ እንደነበር ጻፊ አለ። ይኸው ልጽፍ ነው። ደብተሩን አምቦ ካለው ከራሴ ሱቅ አወጣሁት። ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ደብተር አይቸግራትም፤ የሚቸግራት ሌላ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልቤ ደልቋል። ምን ሳደርግ? አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሌላ ሰው መመረቂያ ጽሑፍ አምጥቶ ስሙን ብቻ ለውጠሽ ጥረዢልኝ ሲለኝ። ይህ በሽታ ይሁን ጤና ዶክተሩ ይወቀው።

ነገሩ የጀመረው ከአንገቴ ነው። በእኛ በኩል እንቅርት የሌለበት አንገት ብርቅ ስለሆነ ማንም ጉዳዬ አላለውም። አዮዲን ያለው ጨው ብዪ ተባልኩ፣ በላሁ። ጠበል ተጠመቂ ተባልኩ፣ ተጠመቅሁ። እሱ ግን ጨውንም ጠበሉንም እየጠጣ አደገ። በጥቅምት አዲስ አበባ ሄጄ አስወጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ሳለሁ የደም ግፊቴ ጣሪያ ነክቶ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ለምን ብለው ሲፈልጉ ከኩላሊቴ በላይ ሌላ እጢ ተቀምጦ ተገኘ። የአንገቱና የኩላሊቱ አብረው ሲገኙ አንድ በሽታ ናቸው፣ በዘር የሚወርድ። ረጅም የፈረንጅ ስም አለው፤ ዶክተሩ ራሱ ሲጠራው አፉ ይጣመማል፣ እኔ አልጽፈውም። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ሳንቲም እንደመወርወር ነው አለኝ፣ ዘውድ ወይ ጎፈር።

የኩላሊቱ እጢ ሥራው ምንድነው ብዬ ጠየቅሁት። ሰው ሲቆጣና ሲደነግጥ ወደ ደም የሚረጨውን ነገር ያለ ምክንያት ይረጫል አለኝ። ሳቄ መጣ። ዶክተሩ ለምን እንደምስቅ አልገባውም።

አባታችንን ቢያውቀው ይገባው ነበር። አባታችን ሲቆጣ ከጌዶ ገበያ ከብቱ ሳይቀር ይበረግግ ነበር። ፊቱ ነጭ ይሆናል፣ ሸሚዙ ይረጥባል፣ አገር ይሸሻል። የሞተው መንጋጋውን ባስነቀለ ማታ ነው፣ ነቃዩን እየሰደበ። ለቅሶ ላይ «ቁጣው ገደለው» እያሉ አወደሱት። እኛም ኮራን። እህቱ በወሊድ ስትሞት ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው ተባለ። ዕድሜ ልካችንን «ቁጡ ዘር ነን» እያልን ደረታችንን ነፍተን ስንሄድ የኖርንበት ነገር ሎሚ የምታህል እብጠት ሆና ተገኘች። ጉድ በል የጌዶ ሰው።

የካቲት 29፣ ዓርብ

ጉግሳ ደወለ። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ጌዶ እህል ይነግዳል። ስልክ ሲያወራ ስልክ መፈልሰፉን ያልሰማ ይመስል ይጮሃል።

ልጁ አርሴማ ልትዳር ነው። አርሴማ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ እኔ ጋር ናት፤ ዘንድሮ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥራለች። የሚያገባት የእጃጂው የኦቦ ደቻሳ ልጅ ሮባ ነው፣ የባንክ ሠራተኛ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ትሑት ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ሽማግሌ በመጋቢት መጨረሻ ይመጣል፣ ሠርጉ ግንቦት 4።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። ስለ አንገትሽ የጠየቀሽ ካለ እንቅርት ነበር ወጣልኝ በይ፤ ዘር ምናምን የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ የእጃጂ ሰዎች ዘር ሲያጣሩ መቃብር ይቆፍራሉ አለኝ።

እኔም ዶክተሩ ያለኝን ነገርኩት። አንተ ከተመረመርክና ነጻ ከሆንክ ልጆችህም ነጻ ናቸው፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካለብህ ግን አርሴማ ሳታረግዝ መመርመር አለባት፣ አክስታችንን የገደላት ዓይነ ጥላ አልነበረም። አንተ የምትከፍለው የደም ጠብታና የአንድ ቀን ሽንት ነው።

«እትዬ፣ በእኔ ቤት በሽታ የለም» ብሎ ዘጋው።

ቤቱን እንደ ጎተራ ቆልፎታል መሰለኝ፣ በሽታ ያለፈቃዱ አይገባም።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ሁለት ሴቶች መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ መጥተው፣ ማሽኑ ስለሚጮህ የማልሰማ መስሏቸው አወሩ። አንዷ የዘርፌ አንገት፣ የእኔን ማለቷ ነው፣ መተት ነው አለች። ሌላዋ የለም፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሲቆጡ አይተሻል ወይ፣ የአባታቸው ጋኔን ነው አለች። ከዶክተሩ ቀጥሎ ወደ እውነቱ የተጠጋች እሷ ናት። ቢሆንም ኮፒዋን አጥቁሬ ሰጠኋት።

ራስ ምታት፣ ከሰዓት።

መጋቢት 8፣ እሑድ

ጌዶ ደርሼ መጣሁ። በስልክ እንቢ ያለኝን ፊት ለፊት ልጠይቀው ብዬ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ድንቅቱ፣ ሚስቱ፣ ሽሮ አቀረበች። እሷ ደግ ሴት ናት፣ ደግነቷ ግን ለሁሉም እኩል ስለሚታደል ለማንም አይበቃም። ጉግሳ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚያኝከው። የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ በስብሶ እያሰቃየው ነው። ለሠርጉ ፎቶ ያማረ አፍ ያስፈልገኛል፣ የበሰበሱትን ነቅለው አርቲፊሻል ይተክሉልኛል አለ። በዚያ አፍ እኔን ሲሰድብ ጥርስ ቸግሮት አያውቅም።

ስለ ምርመራው ሳነሳ ተነሳ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲዘል ከማዶ ይታየኝ ነበር። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣበቀ፣ ብርጭቆ ጣለ። ዘርፌ የምትባል እህት ባትኖረኝ ኖሮ ልጄ እስከ ዛሬ ተድራ ነበር አለኝ። አለማግባትሽ አንሶሽ የሰው ጋብቻ ታፈርሻለሽ አለኝ። እኔ እኮ አግብቼ ነው የፈታሁት፣ እሱም ምስክር ነበር።

ቁርጥ አባታችን ነው። ዘር ከልጓም ይስባል። እኔም ዝም አላልኩም፤ አንተ ሽንትህን የምትሰስት ከሆነ ልጅህን በምን ልትድር ነው አልኩት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ እሑድ ለት የሁለታችንም ታየ።

ሚኒባሱ ውስጥ ግማሽ መንገድ ድረስ ልቤ ደለቀ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

መጋቢት 11፣ ረቡዕ

ለአርሴማ ነገርኳት። ራት ላይ ውሃ ስትውጥ አንገቷን ሳይ ይዛኝ፣ «አክስቴ፣ ምንድነው የምታዪው?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አንገቱን፣ ኩላሊቱን፣ ሳንቲሙን፣ አክስታችንን።

አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «አባዬስ?»

አባትሽ ቁጣ ብቻ ነው ያለበት፣ እሱ ከመመርመር መሞት ይመርጣል፣ አንቺ ግን ራስሽን አድኚ አልኳት። ሰሃኑን አነሳች።

የጥያቄዋ መልስ ይህ አልነበረም። ያወቅሁት አልጋዬ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ምናልባት ይኸው ነው መልሱ።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

ከአርሴማ ጋር አዲስ አበባ። ዓርብ አስፈቅዳ ደም ሰጠች። ወደ ውጭ አገር ይላካል፤ የእኔ ዘር ላይ የተገኘው ስህተት እሷ ላይ እንዳለ ያያሉ። መልሱ ከፋሲካ በፊት ቢደርስ ነው። እስከዚያ የሽንት ምርመራ ተባለ፣ ሙሉ ቀን የሚጠራቀም። ቢጫ ጀሪካን ሰጡን፣ ከሥሩ ትንሽ አሲድ አለው፣ እንዳይበላሽ ነው አሉ።

አዲስ ዓለም ላይ ሚኒባሱ ሲቆም አርሴማ በመስኮቱ ወደ ማርያም ዞራ አማተበች። ምን ብለሽ ለመንሽ ብዬ ልጠይቃት ነበር፣ ተውኩት።

መጋቢት 24፣ ማክሰኞ

ሽንቱ እሑድ ተጠራቀመ፣ ዛሬ ይዤው ሄድኩ። እሷ ቢሮ ነበረባት። ጀሪካኑን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ከጊንጪ ጀምሮ ሲያዩት ቆይተው የየት ጠበል ነው አሉኝ። የቤት ነው አልኳቸው። እጃቸውን ሰደው ጀሪካኑን ዳስሰው ግንባራቸውን ነኩ። ምን ልበል? ጾም ነው፣ አገሩ ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ነው የሚሄደው።

ላብራቶሪው መጠኑ ይጎድላል አለኝ። የሙሉ ቀን አይደለም አለችኝ ልጅቷ። አርሴማ አንድም ጠብታ አላጎደልኩም ብላ ማለች። ማንኛቸውን ልመን?

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ።

ድንቅቱ ጠዋት ደወለች። እሑድ ለአርሴማ ቀሚስ ጨርቅ ልትመርጥ አምቦ መጥታ ነበር፣ ቤት ስትገባ እኔ ቤተ ክርስቲያን፣ አርሴማ ጎረቤት። ጨርቋን አስቀምጣ፣ ትንሽ ዐረፍ ብላ ሄደች። ይህን አውቅ ነበር። ያላወቅሁት ቀጥሎ ያለውን ነው።

መታጠቢያ ቤት ጥላ ውስጥ ያስቀመጥሽው ጠበል ግን ኃይል አለው አለችኝ። ጉልበቴን ባሸው ያቃጥላል፣ ሽታውም የደንበኛ ምንጭ ነው፣ ቅር እንዳይልሽ በሃይላንድ ቀድቼ ወደ ቤት ወሰድኩ አለችኝ።

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁት። ሳቅ እንደ ትውኪያ መጣብኝ። ስቄ ስቄ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ልቤ ደለቀ። (ይመዝገብ፦ ምን ስታደርጊ? የወንድሜ ሚስት በልጇ ሽንት ጉልበቷን አሽታ።)

ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ አልኳት። በደንብ አለችኝ።

እያመነታሁ ነገርኳት። ሽንት ነው፣ የአርሴማ ነው፣ ለምርመራ ነው፣ ምርመራው ለምን እንደሆነም።

«ለጉልበቴ ብዬ አይደለም የወሰድኩት» አለች። «ለሱ ነው። ተኝቶ ሳለ የረጨሁት።»

ከዚያ ተናገረች። ለዓመታት ለማንም ያልተናገረችውን። ሌሊት ሌሊት ጉግሳ በላብ ተነክሮ ይነሳል። አንሶላው ይጨመቃል። እጇን ደረቱ ላይ ስታደርግ ልቡ እንደ ሸሸ ፈረስ ይሮጣል። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ግድግዳው ላይ ይደገፋል። ሲነጋ ማንንም እንዳትነግሪ ይላታል። ቁጡ ስለሆነ የቀኑ ቁጣ ሌሊት ይመለስበታል እያለች፣ በመጨረሻ ደግሞ የአባቱ ነገር ይዞት ነው ብላ ጠበል ረጨችው።

ዶክተሩ እንደ ድንቅቱ አድርጎ አልነገረኝም። እኔ ራሴ ዶክተሩ ፊት ስቀመጥ እንደሷ አድርጌ አልተናገርኩም።

መጋቢት 26

ጥፋት ሠራሁ። ጉግሳ ጋ ደወልኩ። እንደ ሰው፣ ሌሊት እንዲህ ትሆናለህ አሉኝ፣ ና እንሂድ ልለው ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። የተረጨኸው ጠበል የልጅህ ሽንት ነው፣ በተፈጥሮ መንገድ አልመረመርም ብትል በዚህ መጣብህ አልኩት። ስናገረው ጣፈጠኝ።

አልጮኸም። ይህ ነው የገረመኝ፣ ሳይጮህ ዘጋው። ድንቅቱም ከአሁን በኋላ የቤቴን ገመና ለሷ ብታወሪ ወየውልሽ ተብላለች።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። የደበቀውን ሰው ስቆ ያጋለጠ ምን የለውም እንደሚባል አላውቅም።

መጋቢት 28፣ ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ መጡ። ጉግሳ ባይፈልገኝም የልጅቷ አክስት ካልተገኘች ይወራል ብሎ በድንቅቱ አስጠራኝ፣ አንገቷን በነጠላ ትሸፍን የሚል መልእክት ታክሎበት። ሸፈንኩ።

የእነሱን ወገን የመሩት ኦቦ ጀቤሳ ናቸው፣ የኦቦ ደቻሳ ታላቅ ወንድም፣ ጺማቸው የተማረ ሰው የሚያስመስላቸው ሽማግሌ። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ፣ ጎሳ ቆጥረው፣ ጎሳ አስቆጥረው፣ ዝምድና አለመኖሩን አረጋግጠው፣ በመጨረሻ መጠየቅ ያለበትን ጠየቁ። በቤታችሁ ከትውልድ የወረደ፣ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ ወይ አሉ። እንደ ወጉ ነው፤ መልሱም እንደ ወጉ ነው።

ጉግሳ «የሚደበቅ የለንም» አለ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

ኦቦ ጀቤሳ ፈገግ ብለው እኛም ጠይቀናል፣ ቁጡ ዘር ናቸው ተብለናል፣ ቁጡ ሰው ደግሞ ሌባ አይሆንም አሉ። ሁሉም ሳቀ። ጉግሳም ሳቀ፣ በበሰበሰው ጥርሱ በኩል እጁን አድርጎ። ከዚያ ተመራረቁ፣ ገለቶማ፣ ገለቶማ እያሉ ተመሰጋገኑ፣ ምንም አልቀረም።

ይኸውላችሁ፣ መቃብር የሚቆፍሩ አጣሪዎች። ሰባት ትውልድ ቆጥረው ሲያበቁ በሽታውን አገኙት፣ አገኙትና መረቁት።

እኔስ? በነጠላዬ ውስጥ ተሸፍኜ ቁጭ አልኩ። በሰው ላይ የምትሰላ ምላሴ እዚያ ቤት ለምንም አልጠቀመች።

መጋቢት 29፣ እሑድ

አርሴማ ለሮባ ራሷ ነገረችው። ትናንት ማታ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ። ምን አለ ብዬ ጠየቅሁ። ውጤቱ እስኪመጣ ለአባቴ አልነግርም፣ ሲመጣ እኔና አንቺ እንወስናለን አለ አለችኝ። መጥፎ መልስ አይደለም። ለባንክ ሠራተኛ ጥሩ ነው።

ሚያዝያ 7፣ ሰኞ

መድኃኒቱ ያደክማል። ግፊቴ ወርዷል። ዶክተሩ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ የኩላሊቱን እናወጣለን አለ። ደፍሬ ጠየቅሁት፦ ሲወጣ ቁጣዬም ይወጣል? ሳቀ። የእጢውን ያህል ይወጣል፣ የአንቺን ያህል ይቀራል አለ። የትኛው የማን እንደሆነ ማን ይለየዋል? በዚህች ምላስ ነው ባል የፈታሁት፣ ሱቅ ያቆምኩት፣ ገበያ የማይደፍረኝ። የእጢ ከሆነች አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ የት ነበርኩ?

ስወጣ ከበሩ መለሰኝ። በቤተሰብሽ ያልተመረመረ ሰው ካለ ቢላ እንዳይነካው፣ ጥርስ እንኳ ቢሆን ሳይመረመርና መድኃኒት ሳይጀምር እንዳይነቅል አለኝ። የድንዛዜው መርፌ ራሱ እጢውን ሊቀሰቅሰው ይችላል።

አባባን አሰብኩ። ነቃዩን የሰደበው ለካ በከንቱ አልነበረም።

ሚያዝያ 16፣ ረቡዕ

አርሴማ የለባትም።

ዶክተሩ ራሱ ደወለ። ዘውድ ወይ ጎፈር ያለው ሳንቲም ለሷ በደህናው በኩል ወድቋል። ለልጆቿም አይደርስም። ማሽኑን አጥፍቼ ሱቁን ዘጋሁ። ቢሮዋ ድረስ ሄጄ በሕዝብ ፊት አቅፌያት አለቀስኩ፤ የግብርና ሠራተኞቹ ሰው የሞተብን መስሏቸው ተነሱ። ለሮባ ደወለችለት። የሕማማት ሳምንት ነው፣ እልል አይባልም፤ ቤት ገብተን በር ዘግተን ትንሽ አልን።

ማታ ለጉግሳ ነገረችው። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። አላልኩም? በእኔ ቤት በሽታ የለም አላልኩም? ስልኩን ለእኔ ስጪ ብሎ ደግሞ ለእኔ ደገመው። እሷ ነጻ መሆኗ አንተን ነጻ አያደርግህም፣ አንተ ይዘኸው ለሷ ሳታስተላልፍ ልትቀር ትችላለህ፣ ግማሽ ማለት እኮ ይህ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። «በቃሽ እትዬ፣ ተሸነፍሽ» አለኝ። የልጁን ደም እንደ ራሱ ምስክር ወረቀት ኪሱ ከተተው።

ከዚያ፣ ደስ ስላለው፣ ነገረኝ። ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ አምቦ ጥርሱን ሊያስነቅል ቀጠሮ ይዟል። ሁሉንም በአንድ ቀን። እንዳትሄድ፣ ዶክተሩ ጥርስ እንኳ ብሏል፣ አባባን አስታውስ አልኩ። ሟርተኛ ነሽ አለኝ።

ሚያዝያ 18፣ ስቅለት

ከስግደት ተመልሰን፣ ወገባችን ተቆርጦ፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠን። ለአርሴማ ስለ አባቷ ግትርነት እያወራሁ ነበር፤ በቅሎ ነው፣ ደንቆሮ ነው፣ ለአንቺ ሲባል ሽንቱን ያልሰጠ ሰው አሁን ለማን ብሎ ይሰጣል እያልኩ።

«አክስቴ፣ አንድ ቀን እንኳ ስለሱ እንደፈራሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?» አለች።

ነግሬዋለሁ እንጂ፣ ስንቴ ልንገረው አልኩ።

የለም አለች፤ ሁልጊዜ ለአርሴማ ስትዪ ነው፣ ለልጅህ ስትዪ ነው፣ እሱ እንዲሸነፍ ስትዪ ነው። አባዬ እንዳይሞትብሽ ብለሽ አታውቂም። እኔ አባዬስ ብዬ ጠይቄሽ ነበር አለች።

ዛሬ ልጽፍ የሚገባኝ ሌላ ነገር አልነበረም። ራስ ምታት የለም። የልብ ድለቃ የለም። ዝም ብዬ ነው ያለቀስኩት፣ ያለ እጢ።

ሚያዝያ 20፣ ፋሲካ፣ ጌዶ

ከአርሴማ ጋር ትናንት ገባን። ከላብራቶሪ የመጣልኝን ባዶ ጀሪካን ይዣለሁ፣ አሲዱ ውስጡ ነው፤ በከረጢት ውስጥ ከዶሮዋ አጠገብ አስቀምጬ ነው ያመጣሁት። ድንቅቱ አይታው ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ጠዋት ጉግሳ ጓሮ በጉን ያይ ነበር። በቀኝ ጉንጩ እብጠት አለ፣ ጥርሱ ነው። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። የምለውን ከአምቦ ጀምሮ አዘጋጅቼ ነበር፤ የተዘጋጀው ሁሉ ስድብ ሆኖ ተገኘ። በጉ ከሳ ልለው ነበር። ጥርስህን ልጅህ ሠርግ ላይ ሬሳ ሆነህ ልታሳይ ነው ልለው ነበር። ዋጥኩት። በሕይወቴ የዋጥኩት ከባዱ ነገር ያ ነው፣ ያ አንገቴን የዘጋው እንቅርት እንኳ እንዲህ አላስቸገረኝም።

«ጉግሳ፣ ፈርቻለሁ» አልኩት። «ለአርሴማ አይደለም። ለአንተ ነው የፈራሁት።»

በጉን ለቀቀው። ዞሮ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ፊቱ አልነጣም።

«አንቺም ትፈሪያለሽ?» አለኝ።

አዎ አልኩት። አባባ የሞተ ማታ አጠገቡ እኔ ነበርኩ፣ አንተ ተኝተህ ነበር። ስድቡን ሁሉም ያወራል። መጨረሻ ላይ እጄን ይዞ ልቤን ያዢልኝ፣ ልቤን ያዢልኝ እንዳለኝ ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለሰው የማይወራ ነገር ነበር፤ አባታችን ፈርቶ ነው የሞተው።

ጉግሳ በጉን ሊይዝ ሄደ። ጀሪካኑን መኝታ ቤታቸው በር ኋላ አስቀምጬ፣ እንዴት እንደሚደረግ ለድንቅቱ ነግሬ ወጣሁ። በግ ሲታረድ አላየኝም፣ አላየሁትም።

ሚያዝያ 21፣ ሰኞ

አምቦ ተመለስኩ። ከጌዶ የደወለ የለም። ነገ ጥርሱ ነው።

ጥርስ ሐኪሙ ቤት በር ላይ ልቁም ብዬ አሰብኩ። ቆሜስ ምን ልል? አምቦ ሙሉ ዕብድ ናት ይበለኝ፣ ልቁም።

ሚያዝያ 22፣ ማክሰኞ

ወደ ጥርስ ሐኪሙ በር ልሄድ ሱቁን ልዘጋ ስል ጉግሳ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጉንጩ አብጧል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ በአዲስ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጁ ታቅፏል። ድንቅቱ ከኋላው ነበረች።

ገብቶ ማሽኑ ላይ አስቀመጠው። ጋቢውን ሲገልጠው ቢጫው ጀሪካን። ሞልቷል ማለት ይቻላል። ክዳኑ ላይ ላስቲክ አሥሮበታል። ሌሊቱን መኝታ ቤት ቆልፌበት ነው ያደርኩት፣ ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ቤት ነው ያለሁት አለ። ድንቅቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

ጥርሱስ አልኩት። ይቆይ፣ ሠርጉን በአንድ ጎን እስቃለሁ አለ።

ወንበር ሰጠሁት፣ ተቀመጠ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጀመረ። ሹፌሩ ጠበል መስሎት ከፊት አስቀመጠኝ፣ መንገዱን ሁሉ ሰው ጀሪካኔን እየተሳለመ መጣ፤ ጥርሴ ከጌዶ እስከ አምቦ እየወጋኝ ነው የመጣሁት፤ ይህን ሁሉ ጉድ ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ፤ ከልጅነትሽም እንዲሁ ነገረኛ ነበርሽ፤ አባባ ራሱ ይህች ልጅ ትገድለኛለች ይል ነበር። እኔ ሱቄን እየዘጋሁ፣ እሱ ከኋላዬ እየተከተለ፣ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሲሰድበኝ ሄደ። ዛሬውኑ መኪና ይዘን፣ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ላብራቶሪው በር ላይ ነን።

አልመለስኩለትም። ይስደበኝ። እየሰደበኝ ይኑርልኝ።